አዳኝ ውሻ ኳስ በመወርወር ብቻ ለአደን አይዘጋጅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ውሻ ማሳደግ እየለመዱ ስለመምጣታቸው በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ስለ ክትባትና ስለ አመጋገብ የተሰጠው ምክር ጠቃሚ ነው። ስለ እንቅስቃሴ ሲያነሣ ግን በቀን አንድ ጊዜ ማንሸራሸርና ጥቂት ኳስ መወርወር ለማንኛውም ውሻ እንደሚበቃ ገልጾ አልፏል። ይህ ምክር ቤት ውስጥ ተኝቶ ለሚውል ትንሽ ውሻ ይሠራ ይሆናል። ዳክዬና ፌዛንት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ለሚሰማራ፣ ወይም በዝላይና በሩጫ ውድድር ለሚካፈል ውሻ ግን አይበቃም፤ ለጉዳትም ሊዳርገው ይችላል። ይህን የምጽፈው በራሴ ጥፋት ስለ ተማርሁት ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ የዳክዬ አደን በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ ገደማ፣ የፌዛንት አደን ደግሞ በጥቅምታቸው አጋማሽ ይከፈታል። ፌዛንት ቆቅ የሚመስል፣ ጅራቱ ረዥም የሆነ ወፍ ሲሆን የሚደበቀው ከሰው ወገብ በሚበልጥ ሣርና በረግረግ ዳር ባለ ፊላ ውስጥ ነው። እኛ በመንገድ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ስንራመድ ውሻዋ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች የዚያን ብዙ እጥፍ ትሮጣለች፤ ትዘላለች፣ ጭቃ ውስጥ ትሰጥማለች፣ በረዶ ሊሆን በተቃረበ ውኃ ትዋኛለች። ነፋስ ብለን የሰየምናት ጥቁር ላብራዶራችን ሦስተኛ ዓመቷን በያዘችበት በጋ እኔ ያሠራኋት ልምምድ አንድ ብቻ ነበር፦ በየቀኑ ማታ ማታ በላስቲክ መወርወሪያ ለአርባ ደቂቃ ያህል ኳስ መወርወር። እስክትዘረር ድረስ ስለምትሮጥ ብርቱ የሆነች መስሎኝ ነበር።

አደኑ በተከፈተበት የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ የኋላ ቀኝ እግሯን መሬት ላይ ጣል አድርጋ ወዲያው ማንሣት ጀመረች። ማታ ከመኪናው መውረድ አቃታት። የእንስሳት ሐኪሟ መርምራ የጉልበቷ መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ነገረችኝ፤ አክላም በሰው ላይ ይህ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በአንድ አጋጣሚ ሲሆን፣ በውሻ ላይ ግን በአብዛኛው ቀስ በቀስ እየሳሳ ቆይቶ በመጨረሻ እንደሚለቅ አስረዳችኝ። በቀዶ ሕክምና የቅልጥም አጥንቷ የላይኛው ጫፍ ተቆርጦ፣ ዞሮ፣ በብረት ታሰረ። ለሳምንታት በገመድ ይዤ ብቻ ነበር ወደ ደጅ የማወጣት። አንዱ ጉልበቱ ከተበጠሰበት ውሻ መካከል ከግማሽ በማይርቀው ላይ ሁለተኛውም እንደሚከተል ስሰማ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

ያንን በጋ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስበው ጥፋቱ ግልጽ ነው። ኳስ የሚያሳድድ ውሻ ከቆመበት ተነሥቶ ሽምጥ ይጋልባል፣ ኳሱ ጋ ሲደርስ በፊት እግሮቹ ፍሬን ይይዛል፣ ከዚያም ገላውን ጠምዝዞ ይዞራል። ይህንኑ አንድ ዓይነት ጫና ሃምሳ ጊዜ ሲደጋግም ወርቹና ጉልበቱ ይጎዳሉ እንጂ ለረዥም ጉዞ የሚያስፈልገው ትንፋሽም ሆነ የታፋና የሽንጥ ብርታት አይገነባም። ውሻው ደግሞ በቃኝ አይልም። ለማደን የተዳቀለ ውሻ ሕመሙን ውጦ የሚሮጥ ፍጥረት ነው፤ ስለዚህ መጠኑን የመወሰን ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ነው።

የአገራችንን ሯጮች ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በእንጦጦ ጫካ በዝግታ የሚሮጡበት ቀን አለ፣ ዳገት የሚወጡበት ቀን አለ፣ ትራክ ላይ ፍጥነት የሚሠሩበት ቀን አለ፣ የሚያርፉበትም ቀን አለ። በየቀኑ በውድድር ፍጥነት የሚሮጥ ማራቶኒስት የለም። ለውሻም የሚያስፈልገው ይኸው የተቀያየረ ልምምድ ነው።

ነፋስ ካገገመች በኋላ ከሐኪሟ ጋር ሆነን ያወጣነው መርሐ ግብር ዋና ምሰሶው ሶምሶማ ነው። በሶምሶማ ጊዜ የቀኝ የፊት እግር ከግራ የኋላ እግር ጋር፣ የግራውም ከቀኙ ጋር እየተጣመሩ ስለሚነሡ ሁለቱም ጎኖች እኩል ይሠራሉ፤ ትንሽ ማነከስ ካለም የሚታየው በዚህ አካሄድ ነው። እኔ በብስክሌት በዝግታ እየሄድሁ እሷ በለስላሳ የአፈር መንገድ ላይ ከጎኔ ትሮጣለች። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነበር፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመርን ወደ አርባ አደረስነው። በሌላው ቀን ዳገት በእርምጃ እንወጣለን። ውሻ ዝም ብሎ ሲቆም ከክብደቱ ስድሳ በመቶ ገደማውን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ ዳገት በዝግታ ሲወጣ ግን ጭነቱ ወደ ታፋው ይዞራል። በሩጫ ከወጣው ይህ ጥቅም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ገመዱን አልለቅም።

ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ ከሁሉም አብልጬ የወደድሁት ልምምድ ግን በዘንጎች ላይ መራመድ ነው። ስድስት ቀላል የፕላስቲክ ቱቦዎች በሣር ላይ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ፤ ከፍታቸው ከፊት እግሯ አንጓ አይበልጥም። ውሻዋ መዝለል ሳይሆን እያንዳንዱን እግር አንሥታ በእርምጃ ማለፍ አለባት። በመጀመሪያው ቀን ነፋስ የፊት እግሮቿን በጥንቃቄ እያነሣች የኋላዎቹን ግን ትጎትት ነበር፤ ከኋላ ሁለት እግሮች እንዳሏት የምታውቅም አይመስልም ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ዘንጎቹን ሳትነካ ታልፍ ጀመር፤ በዚያ ዓመት ፊላ ውስጥ ስትገባም አረማመዷ መለወጡን በዓይኔ አየሁ። ከዚህ ጋር ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሣት፣ ወደ ኋላ መራመድ፣ የፊት እግርን ዝቅተኛ መድረክ ላይ አድርጎ መቆም ይጨመራል። ሁሉም ሳሎን ውስጥ የሚሠራ ነው፤ የሚኒሶታን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መዋኘት መገጣጠሚያን ሳይጫን ትንፋሽን ስለሚያጠነክር ግሩም ልምምድ ነው፤ ነገር ግን እሱም መጠን አለው። ያልለመደ ውሻ በቀዝቃዛ ውኃ ለረዥም ጊዜ ከዋኘ በማግሥቱ ጅራቱ እንደ ተሰበረ ሁሉ ተንጠልጥሎ ሊያድር ይችላል፤ ሕመሙ በቀናት ውስጥ ቢያልፍም ውሻው ከአቅሙ በላይ እንደ ሠራ ይመሰክራል። በበጋ ደግሞ የሐይቁ ውኃ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ከመሰለ ውሻ ፈጽሞ አይግባበት፤ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

ሙቀትን በሚመለከት ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ውሻ እንደ እኛ በመላ ገላው አያልብም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከ41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የበጋ ልምምድ ንጋት ላይ መሆን አለበት። ላብራዶር ያላቸው ወገኖች ደግሞ አንድ የዘር ችግር እንዲያውቁ እለምናለሁ፦ ጤነኛ የሚመስል ወጣት ውሻ ከአምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ከባድ ሩጫ ከሮጠ በኋላ የኋላ እግሮቹ ከድተውት ይወድቃል። አብዛኞቹ አርፈው ይነሣሉ፤ የሚሞቱም አሉ። ተጠያቂው ዘረ መል በፈረንጆቹ 2008 የተለየው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት ነው፤ ዛሬ በቀላል ምርመራ ይታወቃል። ከባድ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ማስመርመር ብልህነት ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ በፈረንጆቹ 2002 ውጤቱ የታተመና በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተደረገ ጥናት ነበር። ከእኩዮቻቸው በሩብ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ያህል ረዝመው ኖረዋል፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጥቷል። እንግዳ ሲመጣ ከማዕድ ቆርሰን ለውሻው የምንወረውር ሁሉ ይህን ልናስብበት ይገባል። ቡችላን በተመለከተ አጥንቱ ማደጉን እስኪጨርስ፣ በትልልቅ ዝርያዎች እስከ ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከፍ ያለ ዝላይና ረዥም የብስክሌት ሩጫ መከልከል አለበት።

ለውሻ ይህን ያህል ድካም ምን ያደርጋል የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የገዛ ወንድሜም ብሎኛል። እኔ ያደግሁበት ገጠር የእረኛ ውሻ ማንም ልምምድ አላሠራውም ነበር፤ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ከብቶቹን ተከትሎ ዳገት ሲወጣ፣ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ወንዝ ሲሻገር ስለሚውል ገላው በሥራው ተገንብቷል። እዚህ አፓርታማ ውስጥ የምናኖረውን ውሻ ግን አሥር ወር አስተኝተን በሁለቱ ወር የእረኛውን ውሻ ሥራ እንጠይቀዋለን። የነሣነውን እንቅስቃሴ መመለስ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቁና በሙያው የካበተ ልምድ ያላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። አንዱን ወይም አንዷን ጋብዛችሁ ስለ ሠራተኛ ውሾች አካል ብቃት በአማርኛ ተከታታይ ዓምድ እንድታወጡልን እለምናለሁ። አንድን ውሻ ለአደን ወቅት ለማድረስ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ስለሚያስፈልግ፣ ዓምዱ ከሐምሌ አጋማሽ በፊት ቢጀምር ብዙ ጉልበት ይተርፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሚኒሶታ