ለፋሲካ ስትመጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ብዬ እንባዬ እየቀደመኝ ተውኩት። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

የገና ዕለቱ ነገር ነው። ከጨጓራ ማሳነሻው ኦፕራሲዮን ሰባተኛ ሳምንትሽ ነበር። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። እኔም ዶሮዬን ሠርቼ አንቺን መሶቡ አጠገብ አስቀመጥኩሽ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ደስ ይበላት ብለሽ ጎረስሽልኝ። በሁለተኛዋ «እምዬ፣ በቃኝ» አልሽ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ አጎረስኩሽ። ሦስተኛዋን «አፈር ስሆን» ብዬ። ደረትሽን በእጅሽ ይዘሽ ዝም ስትይ ደግሞ «ውሃ ጠጪበት» ብዬ ብርጭቆውን አቀበልኩሽ።

ተነስተሽ ወደ ጓሮ ወጣሽ። ተከትዬሽ ስመጣ ግድግዳውን ተደግፈሽ ነጭ አረፋ ታስመልሻለሽ። እንጀራው እንደጎረስሽው ነው የወጣው። ግንባርሽ በላብ ተጠምቋል። ቀና ብለሽ «ይቅርታ እምዬ» አልሽኝ። አንቺ እኔን! ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ ልጄ።

ከሄድሽ በኋላ የምግብ ባለሙያዋ የሰጠችሽን ወረቀት አልጋሽ ራስጌ አገኘሁት። ደጋግሜ አነበብኩት። ያንቺ ስሊቭ የሚሉት ዓይነት ኦፕራሲዮን ነው፤ ከጨጓራሽ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው ይላል። አላመንኩም። የሽሮፕ መለኪያውን አምጥቼ የቡና ስኒዎቼን በውሃ ለካሁ። ሁለት ስኒ ያህል ነው። ረከቦቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ አየኋቸው። የልጄ ሆድ ይኼው ነው። እኔ ያን ቀን በዚያ ላይ ሦስት የእናት ጉርሻ፣ ከዚያም ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጨመርኩበት። እንጀራ ደግሞ በደንብ ካልታኘከ ተጠቅልሎ ይቀረቀራል።

ሆድሽ ጠበበ እንጂ ሰውነትሽ የሚፈልገው አልቀነሰም። አሁን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ፕሮቲን ብቻውን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ይባላል። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ያህል ነው፤ በእንቁላል ብቻ ቢሆን አሥር ማለት ነው። በሁለት ስኒ ሆድ! ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እየተባለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮቲኑ መበላት አለበት። እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎ፣ አጥንቱ የወጣለት የጣና ዓሣ። እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። ሃያ ሠላሳ ጊዜ አኝኪ። ውሃውን ከምግብ ጋር አትቀላቅዪ፤ ከበላሽ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ፉት ፉት እያልሽ ጠጪ፤ ግን ቀኑን ሙሉ አታቋርጪ።

ፀጉሬ ረገፈ ብለሽ ያለቀስሽው ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ፣ በኋላም የሚመለስ ነገር ነው። ግን ፕሮቲንና አይረን ሲያንስ ይብሳልና ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ደምሽንም ይዩት። ቫይታሚኑን ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው ብለውሻል፤ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። የአይረኗን ኪኒን በቡና አትዋጪ፤ ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ከካልሲየሙም ሁለት ሰዓት አራርቂያት። እኛ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሰዓቱ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ኪኒኗን ከቡናው ርቃ እንድትሆን እኔ አስታውስሻለሁ።

አሁን ወደ ጾሙ። ዘንድሮም 55ቱን ቀን እጾማለሁ ስትይኝ ልቤ ሁለት ሆነ። ያሳደግኩሽ በጾም ነው። ግን ገና አምስት ወርሽ አልሞላም። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም፤ ጨጓራሽም ስለተቆረጠ ከምግቡ ለይቶ መውሰዱ ከብዶታል። የንስሐ አባታችንን አማከርኳቸው። «ሕመምተኛን ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም፤ እሷው ትደውልልኝ» አሉ። ደውይላቸው፤ አደራ።

የጾም ምግብ ባማረሽ ጊዜ ደግሞ ግብጦ አለን። ጎጃም ውስጥ ግብጦ የድሃ እህል ተብሎ ተናቀ እንጂ ከጥራጥሬ ሁሉ በፕሮቲኑ የታወቀ ነው። ቆልቼ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ወንዝ ውስጥ አሳድሬ፣ ልጬ፣ አድቅቄ እፈጭልሻለሁ። መጀመሪያ ባለሙያዋን ጠይቂያትና እሺ ካለች ነው። የምስር ሾርባውም በርበሬ ሳይበዛበት እንደ አጥሚት ልል ይሆናል።

ከምግቡ ይልቅ የምፈራልሽ የሚጠጣውን ነው። ዳቦው ቢበዛ ሆድሽ እምቢ ይላል። ብርዝና ለስላሳ ግን ሳይከለከል ይወርዳል፤ አንዳንዱን ሰው ላብ በላብ አድርጎ ልቡን ያስመታዋል፤ የቀነሰውንም ኪሎ ቀስ በቀስ ይመልሳል። አረቄውን ማንም ቢያቀርብልሽ እጅሽን አትዘርጊ። አሁን ቶሎ ነው አናትሽ ላይ የሚወጣው።

አንድ ነገር ደግሞ አትደብቂኝ። ምግብ አልረጋልሽ ብሎ ማስመለሱ ቀናት ከቆየ «ያልፋል» አትበዪ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ። ቢ1 የሚባለው ቫይታሚን ሲያልቅ ነርቭ ይጎዳል። ስለ ልጅ ደግሞ አንቺንም ባለቤትሽንም አልጠይቅም። ሐኪሞቹ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ቆዩ ብለዋችኋል፤ ቆዩ።

ጎረቤት «ምነው ከሳች፣ ምን ነካት?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ለኔ ተዪው። ስኳርሽ ወረደ፣ ጉልበትሽ ሳያምሽ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ወጣሽ፤ እኔ ያየሁት ይሄንን ነው። መሶቡ ላይ ስንቀርብ ከጎኔ ትቀመጫለሽ። ላንቺ ትንሽ ሳህንና የሻይ ማንኪያ ገዝቻለሁ። ማንም «በሞቴ» እንዳይልሽ ለአክስቶችሽ ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። እኔም አልልሽም። «በቃኝ» ካልሽ በቃሽ።

መንገድ ላይ ሆቴል ቤት ምን ይገኝ ይሆን ብለሽ አትጨነቂ፤ የተቀቀለ እንቁላልና ውሃ በቦርሳሽ ያዢ። የአባይን በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱ ያደርቅሻል፤ ፉት እያልሽ ውረጂ። ደጀን ስትደርሺ ደውይልኝ። ሾርባውን ያኔ እጥዳለሁ።

እናትሽ
ከደብረ ማርቆስ