ከጡንቻው የንግግር ፊኛው ይከብዳል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሱፐርሂሮ ኮሚክ (ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች በሥዕል የሚተረኩበት መጽሔት) ሠዓሊ ለመሆን ለሚመኙ ወጣቶች በጋዜጣችሁ የወጣውን ምክር አንብበናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ምክሩ ግን ከሰውነት ቅርጽ፣ ከጡንቻና ከሚያምር የሽፋን ሥዕል አላለፈም። ይህን ሰምቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆመው የሚፎክሩ ጀግኖች ሲሥል የከረመ ልጅ፣ የመጀመሪያው ስክሪፕት እጁ ሲገባ የሚይዝ የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ስለዚህ ጽሑፉ የዘለላቸውን ሁለት ነገሮች፣ የገጹን ሥራና የሚፈረመውን ወረቀት፣ እንድናነሣ ይፈቀድልን።

በሂሳቡ እንጀምር። የአሜሪካ ወርኃዊ ኮሚክ ዛሬ በአብዛኛው 20 ገጽ ሥዕል አለው፤ ቀድሞ 22 ነበር። አራት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት የሥራ ቀን፣ ድምሩ 20 ቀን ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ገጽ መውጣት አለበት። ሽፋኑ፣ እርማቱ፣ ጉንፋኑና የተበላሸው ኮምፒውተር በዚህ ሂሳብ ውስጥ የሉም። ሥራው ደግሞ ቅብብሎሽ ነው። ደራሲው ይጽፋል፣ ፔንስለሩ በእርሳስ ይሥላል፣ ኢንከሩ በጥቁር ቀለም ይጨርሳል፣ ከዚያ ቀለም የሚቀባው ይረከባል፣ ሌተረሩ ንግግሩን ያስገባል። የማተሚያ ቤቱ ቀን ስለማይነቃነቅ ፔንስለሩ ያባከናቸውን ሦስት ቀናት ሌሊታቸውን ሠውተው የሚከፍሉት ከኋላው ያሉት ናቸው። ሱቆችም መጽሐፉን ሁለት ሦስት ወር ቀድመው አዝዘውታል። ኤዲተሩ ሲጨንቀው የቀሩትን ገጾች ለሌላ ሠዓሊ ይሰጣል። በአንድ እትም መካከል የጀግናው ፊት ድንገት ሲለወጥ ያየ አንባቢ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው መሆኑን ይወቅ።

ፍጥነት የሚገኘው ከረቂቅ ነው። ሃያውም ገጽ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የክብሪት ቀፎ በሚያህል ሣጥን ውስጥ ይረቀቃል። በዚህ መጠን የፊት ዝርዝር መሣል አይቻልም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። የሚታየው ማን የት እንደቆመና ጥቁሩ የት እንደከበደ ብቻ ነው። ኤዲተሩም የሚያስለውጠው ካለ እዚህ ላይ ይናገር፤ እዚህ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ለውጥ ጥቁር ቀለም ከገባ በኋላ ግማሽ ቀን ይበላል። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ገጽ 1 በስተቀኝ ስለሚውል ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ገጾች በስተግራ ያርፋሉ። አንባቢን የሚያስደነግጠው ትዕይንት ገጽ ሲገለጥ እንዲታይ ከተፈለገ ተጋማሽ ቁጥር ባለው ገጽ ላይ ይዋል። በቀኙ ከተሣለ አንባቢው ገና ግራውን ሳይጨርስ ዓይኑ ሰርቆ ያየዋል። መሐል የሚገቡ ማስታወቂያዎች ይህን ሊያዛቡት ስለሚችሉ የት እንደሚገቡ ኤዲተሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በወረቀት የሚሠራ ሰው ዋናውን ገጽ የሚሥለው በ11 በ17 ኢንች ብሪስቶል (ወፈር ያለ የሥዕል ወረቀት) ላይ ነው፤ ሥዕሉ የሚያርፍበት ክፍል በልማድ 10 በ15 ኢንች ነው። (እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ወረቀቱ ከዚህም ይሰፋ ነበር።) የታተመው ገጽ ወርድ ግን ስድስት ኢንች ተኩል አካባቢ ነው። በዚህ የተነሣ በትልቁ ወረቀት ላይ ያማሩ የተጠጋጉ የጥላ መስመሮች ሲያንሱ እርስ በርስ ተጣብቀው ድፍን ጥቁር ይሆናሉ፤ ብቻዋን የቀረች ፀጉር የምታህል መስመር ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። ገጹን በስልክ አንሥቶ በሚታተምበት መጠን ማየት ከዚህ ጉድ ያድናል።

አሁን ወደ ፊኛው፣ ማለትም የገጸ ባሕሪው ንግግር ወደሚጻፍበት ክብ ቅርጽ። በአንድ ክፈፍ (ገጹ ከተከፈለባቸው የሥዕል ሣጥኖች በአንዱ) ውስጥ ጋዜጠኛዋ «የት ነበርክ?» ትላለች፣ ጀግናው «ሥራ ላይ» ብሎ ይመልሳል እንበል። ሠዓሊው ጀግናውን በስተግራ፣ እሷን በስተቀኝ አቆማቸው፤ በቀደመው ክፈፍ የገባው ከግራ ነበርና። ፊኛ ደግሞ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። እያንዳንዱ ፊኛ ከተናጋሪው ራስ በላይ ከተቀመጠ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይነበባል። ሌተረሩ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ወደ ተናጋሪው የሚያመለክተውን የፊኛዎቹን ጭራ ማጠላለፍ፣ ወይ የእሷን ፊኛ ከላይ ሰቅሎ የእሱን ዝቅ አድርጎ በደረቱ ላይ መለጠፍ። ያ ደረት ሠዓሊው ግማሽ ቀን የፈጀበትን አርማ የያዘ ነው። ችግሩ በክብሪት ቀፎው ላይ ቢታይ ኖሮ ሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ይበቃ ነበር። ማለዋወጡም በዘፈቀደ አይሆንም፤ ቀድሞ አንዳቸው ሲራመዱ ካልታየ አንባቢው ማን የት እንደነበር ይምታታበታል። ስለዚህ ፊኛዎቹን በረቂቁ ላይ በስሱ አብሮ መሣል፣ ንግግር በሚበዛበት ክፈፍም የላይኛውን ሲሶ ለሰማይና ለግድግዳ መተው የዘወትር ልማድ ይሁን። ብዙ ጀማሪዎች የሚሥሏቸው፣ በቁመታቸው ክፈፉን የሚሞሉ ጀግኖች ለንግግር ቦታ አይተዉም።

ሌላው ገጽ የሚያበላሽ ነገር የመስመሮች መነካካት ነው። የካባው ጫፍ የክፈፉን ጠርዝ ለጥቂት ከነካ፣ ወይም የጣሪያው መስመር ልክ በትከሻው ላይ ካለቀ፣ ዓይን ሁለቱን በአንድ ርቀት ላይ ያሉ አድርጎ ይወስድና ጥልቀቱ ይሞታል። ወይ በደንብ ይደራረቡ፣ ወይ በደንብ ይራራቁ።

ጡንቻንም ቢሆን አንንቅም። በልማድ ቁመት በጭንቅላት ርዝመት ይለካል፤ ተራ ሰው ሰባት ራስ ተኩል፣ ጀግና ስምንት ወይም ስምንት ተኩል ራስ ቁመት ይሰጠዋል፤ ይህን ማንም በሳምንት ይለምደዋል። የሚከብደው ጡጫ ወደ አንባቢው ሲሰነዘር ነው። ጀማሪ ጡጫውን ያተልቅና ክንዱን ከጎን እንደሚታይ ክንድ አድርጎ ያሳጥረዋል፤ ውጤቱ የተቆረጠ እጅ ይመስላል። እውቁ የኮሚክ ሠዓሊ ጃክ ከርቢ ይህን የሚወጣው በመደራረብ ነበር። ጡጫው የክንዱን የታችኛውን ክፍል ይሸፍናል፣ እሱ የላይኛውን፣ የላይኛው ትከሻውን፤ የክንዱ ርዝመት ከሞላ ጎደል ሳይታይ አንባቢው ወደ ኋላ ይሸሻል።

ጥቁር ቀለሙ ላይ ብዙ አንቆይም። ፔንስለሩ ድፍን ጥቁር የሚሆነውን ቦታ በእርሳስ ሲሞላ ጊዜ አያጠፋም፤ ትንሽ የኤክስ ምልክት አድርጎበት ለኢንከሩ ይተወዋል። ቀለሙ ሳይደርቅ እርሳሱን ለማጥፋት የቸኮለ ገጹን ያጨማልቃል፤ ከደረቀ በኋላም በደረቅ ላጲስ ቢፈገፈግ ጥቁሩ ይገረጣል። ለመስመር ሥራ ስካኑ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን። በታብሌት የሚሠሩ ይህን ሁሉ ጣጣ ያልፉታል፤ በእጃቸው ግን የሚሸጡት ዋና ወረቀት አይቀርም። ለብዙ ሠዓሊ የዋና ገጾች ሽያጭ ቀላል የማይባል ገቢ ነው።

ገንዘቡን ካነሣን፣ የክፍያው መሠረት የገጽ ዋጋ ነው፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ገጸ ባሕሪው የኩባንያው ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የገጸ ባሕሪውን መብት በ1938 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ130 ዶላር ለአሳታሚው ኩባንያ ሰጡ። ሠዓሊው ኒል አዳምስና ሌሎች ተሟግተውላቸው ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን በፈጣሪነት ሊመልስ የተስማማው በ1975 መጨረሻ ነው። ከርቢ ደግሞ ማርቬል ለተባለው አሳታሚ ሺህ በሺህ ገጽ ሥሎ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1987 የተመለሰለት ዋና ሥዕል 2,000 ገጽ ገደማ ነበር። በ1984 የታተመ የሠዓሊው ማይክ ዜክ አንድ ገጽ በ2022 በጨረታ 3.36 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ሥዕል ዳግም ሲሸጥ ሻጩ ለሠዓሊው እንዲያካፍል አያስገድድም። ቀድሞ በርካሽ የለቀቀ ቀድሞ ለቀቀ።

በ1978 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ቋሚ ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው የሠራው ሥራ «በቅጥር የተሠራ» (ባለቤትነቱ የአሠሪው የሆነ) የሚባለው ይህን የሚል የጽሑፍ ስምምነት ሲፈረም መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ አለች ወይስ የለችም ብሎ መፈለግ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ ክፍያው ገጹ በገባ በስንት ቀን ነው? እትሞቹ በአንድ መጽሐፍ ተጠርዘው ዳግም ሲወጡ ድርሻ አለ? ዋናው ወረቀት ለማን ይመለሳል? ሥራው ሳይታተም ቢቀር ምን ይከፈላል? አዲስ የተፈጠረ ገጸ ባሕሪ ወደ ፊልም ቢሄድስ? መብታቸውን ይዘው መቆየት የፈለጉ ሰባት ሠዓሊዎች በ1992 ኢሜጅ የተባለውን አሳታሚ መሥርተዋል። በዚህ መንገድ ባለቤትነቱ የሠዓሊው ነው፤ ነገር ግን የሽያጩ ገንዘብ እስኪመጣ ኢንከሩንና ቀለም ቀቢውን ከኪስ መክፈልም የሠዓሊው ነው። የስድስት ወር ስንቅ ሳይያዝ የሚገባበት አይደለም።

ለኤዲተር የሚቀርበው የሥራ ናሙና አምስት ወይም ስድስት ተከታታይ ገጽ ይሁን፤ የሽፋን ሥዕል አይግባበት፣ ቢገባም አንድ ይበቃል። ከገጾቹ አንዱ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት፣ ማንም የማይደባደብበት ይሁን። ኤዲተር መጀመሪያ የሚፈትሸው ተራ ልብስ የለበሰ ሰው ወንበር ላይ በደንብ ተቀምጦ እንደሆነ፣ መኪናው ጎማው መሬት መንካቱን፣ ሕፃኑ ትንሽ የተደረገ አዋቂ አለመምሰሉን ነው። ዋናው ወረቀት ቤት ይቅር፤ ግልባጩ ይላክ። ስምና አድራሻ በእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ ይጻፍ፤ ጠረጴዛ ላይ ገጾች ይበታተናሉ፣ የወደዱትን ገጽ ባለቤት ፍለጋ የሚወጣ ኤዲተር የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያው ባልደረቦች