ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአራተኛ ፎቅ

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ሰባተኛ ክፍል እያለን ለአክስትሽ ደብዳቤ ስንጽፍላት እንዲህ ነበር የምንጀምረው። ዛሬም ሌላ መጀመሪያ አጣሁ።

ከ2013 ወዲህ አንድም ቀን አልደወልኩልሽም። አንቺ ስትደውዪ ስልኩ እጄ ላይ እስኪያበቃለት ይጮሃል፤ እኔ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ታምሜ አይደለም፣ ተቀይሜሽም አይደለም። አፌን የያዘኝ ያበደርሽኝ 60 ሺህ ብር ነው።

ባለፈው እሑድ ሰርግ ላይ የአጎትሽን ልጅ አገኘኋት። ከሐዋሳ ጠቅልለሽ ልትመጪ ነው አለችኝ። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ቤት እያፈላለግሽ እንደሆነም ነገረችኝ። «ደላላ አግኝታለች፣ በጣም ቀልጣፋ ልጅ ነው» ስትለኝ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

አንቺዬ፣ የእኔም ቀልጣፋ ነበር። ቪትዝ ይነዳል። «እህቴ» ነበር የሚለኝ። በአንድ ቅዳሜ በለገጣፎና በሰንዳፋ መስመር አምስት ቤት አሳየኝ። አምስተኛውን ወደድኩት። 140 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ሰርቪስ ቤት ያለው፣ በሩ አጠገብ ጌሾ የተተከለበት ግቢ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የገዛችኝ ጌሾዋ ናት። ልጁ ዓይኔን አይቶ ገባው። «ሌላ ገዢ ሰኞ ቀብድ ሊያስይዝ ነው» አለኝ። ያ ሌላ ገዢ እስከ ዛሬ አልተወለደም።

እሑድ ከደላላውና ከሻጩ ጋር ካፌ ቁጭ ብለን ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተፈራረምን። የእኔን 90 ሺህ፣ ያንቺን 60 ሺህ፣ በድምሩ 150 ሺህ ብር ቆጥሬ አስረከብኩ። ወረቀቱ ላይ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ቁጥር የለም። የቤት ቁጥር የለም። «ቀብድ» የሚል ቃል እንኳ የለም፤ «ለቤት ጉዳይ የተሰጠ» ነው የሚለው። የጻፈው ደላላው ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ እሱን አልክድም።

በሁለተኛው ሳምንት የሻጩ ሚስት ከክፍለ ሀገር መጣች። ቤቷ እንደሚሸጥ ጭራሽ አልሰማችም። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም፣ የቤተሰብ ሕጉ ነው። አልሸጥም አለች፣ እውነቷን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ቀብድ የተቀበለ ሰው ራሱ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። በዚያ ወረቀት ግን ምኑን ይዤ ልከራከር? ስምንት ወር በሽማግሌ ተመላልሼ 70 ሺህ ብቻ አስመለስኩ፤ እሱም በሦስት ጊዜ ተቆራርጦ። ደላላው ካስያዝኩት ብር ላይ የራሱን ድርሻ በዚያው እሑድ አንስቶ ኖሯል። ሚስትየው እንዳልሰማችም ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ደላላ የሚባል ሲጠራ ጆሮዬን እደፍን ነበር። በመጨረሻ አከራዬ አንድ ጋሼ ጋ ወሰዱኝ። ድሮ ማዘጋጃ ቤት ፋይል ክፍል የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤት የሚደልሉ ሰው ናቸው። ቢሯቸው የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴትዮ ዱካ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሊያሳዩኝ ሄድን። ደረጃውን ወጥተን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አሉና ለባለቤቱ ደወሉ። «የባንኩን ጨርሰሃል?» አሉት። አልጨረሰም። «እንመለስ» አሉኝ። ቤቱን ሳላየው! ተናድጄ ነበር። ቁልቁል ስንወርድ ነው የነገሩኝ። 20/80 የሚባለው ኮንዶሚኒየም ከዋጋው 20 በመቶውን ዕጣ የወጣለት ሰው ከፍሎ 80 በመቶውን ከንግድ ባንክ ተበድሯል ማለት ነው፤ ዕዳው ሳያልቅ ስም አይዞርም። ቤቱን ካገኘ በኋላም አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ክልክል ነው። ለዚህ «መላ» አለን የሚሉ ሞልተዋል። በብድር ውልና በውክልና እናስረዋለን ይሉሻል። ውክልናን ግን ሰጪው በፈለገ ቀን ይሽረዋል፤ ሲሞትም አብሮት ይሞታል። ከዚያ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው።

ደላላ ታማኝ ነው ወይ ብለሽ ጎረቤት አትጠይቂ። ይልቅ «ይሄን ቤት አትግዢው ያልከው ሰው አለ?» በይው። እንዴት ፊቱ እንደሚለዋወጥ እዪ።

አሁን ያለሁበትን ቤት ያየነው በነሐሴ ነው። ጋሼ ቤት በክረምት ነው የሚታየው ባይ ናቸው። ገባንና እኔ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ እሳቸው ጥጉ ጋ። እጃቸውን ገልብጠው ግድግዳውን ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ዳበሱት። ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። «ልጄ፣ ይሄ ብቻ ለምን ታደሰ?» አሏት ሻጯን። ልጅቷ ቀላች። ከላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውሃ ይሰርግ ነበር። እሷ ፊት ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ወጪውን አስገመትን፤ ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ከዚያ ጋሼ ጎረቤት አንኳኩተው ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ጠየቁ። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት።

ዋጋውንም ሻጯንና እኔን ፊት ለፊት አስቀምጠው ነው ያነጋገሩን። ያኛው የቪትዙ ልጅ ከሻጩ ጋር ለብቻዬ አገናኝቶኝ አያውቅም፤ ምን ያህል በላዩ እንደጫነበት እግዜር ይወቀው። ክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር ሄደን ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ካጣራን በኋላ ነው ሰነዶች ማረጋገጫ የሄድነው። ሻጯ ከነባሏ ቀረበች። ሲፒኦውን፣ የባንክ የክፍያ ማዘዣውን፣ ከቦርሳዬ ያወጣሁት ሁለቱም ሲፈርሙ ነው። ለቴምብሩ 2 ፐርሰንት እንዳዘጋጅ ጋሼ ቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ያን ቀን ለብድር አልሮጥኩም።

መልአክ ናቸው እንዳትዪኝ ግን። ሰዓት አያከብሩም፣ ወሬ ከጀመሩ አያቆሙም። 2 ፐርሰንት ኮሚሽናቸውን ይቀንሱልኝ ብዬ ስለምናቸው «የቪትዙ ልጅ በነጻ ነበር የሠራልሽ?» አሉኝ። ምን እላለሁ? ከፈልኩ። የተቀበሉኝም ካርታው በስሜ ከዞረ በኋላ ነው።

ያንን ቀልጣፋ ልጅ ምንም ሳታስይዢ አንድ ሳምንት አቆዪው። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ሻጩ ሚስት እንዳለውና እሷም የት እንዳለች ጠይቂው። ብትፈልጊ ጋሼን ይዤ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ቡናቸውን ከከፈልሽ ይመጣሉ።

ስለ ብሩ ደግሞ። 60 ሺህው ዛሬ የዚያን ጊዜው 60 ሺህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ሲሚንቶውም ዘይቱም ሌላ ሆነ። አሁን 80 ሺህ አለኝ፣ በዚህ ሳምንት እልክልሻለሁ። በቃኝ ካላልሽ ቀሪውን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የሂሳብ ቁጥርሽ ያው የድሮው ነው?

ስትመጪ እኔ ጋ እረፊ። ሌሊት የአዳማ ፈጣን መንገድ መኪና ትንሽ ይጮሃል፣ ትለምጂዋለሽ። ሊፍት የለም፤ ሻንጣሽን ቀለል አድርጊው። ከቻልሽ ደግሞ ቅዳሜ ግቢ፣ የዓርቡ ውሃ በታንከር ይኖራል።

ናፍቆቷ የበዛው እህትሽ