ከመብራቱ በፊት ፍሬኑ ይታይ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመኪና ዓምዳችሁ ላይ ያረጁ የመስክ መኪኖችን ቅዳሜና እሑድ በገዛ እጃቸው ስለሚጠግኑና ስለሚያሻሽሉ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ የሳምንቱን መጨረሻ ከመኪና ሥር ተንጋሎ ማሳለፍ የጤነኛ ሰው ሥራ መሆኑን በጋዜጣ ታትሞ ማየቴ ብቻውን ደስ አሰኝቶኛል፤ ጽሑፉንም ቆርጬ ለባለቤቴ አሳይቻታለሁ። ይሁን እንጂ አብረው የወጡት ፎቶግራፎች በሙሉ በመኪናው ላይ የተጨመረውን እንጂ በመኪናው ውስጥ የተጠገነውን አያሳዩም። ከፍ የተደረገ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ድርብርብ ስፕሪንግ)፣ ሰፋፊ ጎማ፣ በጣሪያ ላይ የተደረደረ መብራት፣ ከመስታወቱ ጎን ወደ ላይ የወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ አይተናል፤ ስለ ፍሬን፣ ስለ መሪና ስለ ኩሽኔታ (ጎማው ተይዞ በቀላሉ የሚዞርበት ቀለበት) ግን አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ጀማሪ የሆነ አንባቢ ይህን ተመልክቶ ሥራው ከየት እንደሚጀመር ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ እኔም የተሳሳትኩት በዚሁ መንገድ ነው።

መኪናዬ ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ካመረታቸው ባለ 60 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች አንዱ ነው። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 4 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ባለሙያዎች 2ኤች የሚሉት፣ ሲሆን ቱርቦም ኮምፒውተርም የለውም። የፊቱም የኋላውም አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ብረት፣ በባሌስትራ ላይ ያረፈ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ለቅዳሜ ሠራተኛ የሚመቸው ብልሽቱን በጆሮ፣ በእጅና በአፍንጫ መለየት ስለሚቻል ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የመኪናን ዕድሜ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ብቻ እንለካለን፤ ጎሚኒ (ላስቲክ) የሆነ ነገር ሁሉ ቆሞም እንደሚያረጅ እንዘነጋለን። የፍሬን ቱቦ፣ የባሌስትራ ቡሽ፣ የዘይት መከላከያ ቀለበት፣ ጎማውም ጭምር ሳይነዱ ይሰነጠቃሉ። የጎማ ጥርስ አዲስ ቢመስልም በጎኑ ላይ ከተጻፈው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ማንበብ ያስፈልጋል፤ 3214 የሚል ከሆነ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው።

የእኔ ስሕተት የተጀመረው መኪናውን በገዛሁ በሁለተኛው ወር ነው። ከምንም ነገር በፊት ባሌስትራውን አስቀይሬ መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግሁና 33 ኢንች ጎማ አለበስኩት። ከሩቅ ሲታይ እውነትም ያምር ነበር። በማግስቱ ወደ ዋናው መንገድ ስወጣ መሪው እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ አልሄድ አለኝ፤ ግራና ቀኝ እየቃኘ ይዋልላል፤ ከተጠመዘዘም በኋላ በራሱ ፈቃድ ወደ መሐል አይመለስም። መኪና ከፍ ሲል የፊቱ አክስል የነበረው ወደ ኋላ የማዘንበል ማዕዘን ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስና መሪን ወደ መሐል የሚመልሰውም ያው ማዕዘን ስለሆነ፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ ብረት ማስገባት እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ከሆነ በኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው ሳምንቱን ጠብቆ መጣ። የሚንኳኳ ነገር ፍለጋ መኪናውን በሻንሲው (አካሉ በተቀመጠበት የብረት መሠረት) በኩል ሳነሣው አክስሉ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ያን ጊዜ ከሻንሲው ወደ ፊቱ አክስል የሚወርደው የፍሬን ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ አየሁት። መኪናው ሲረዝም ቱቦው አልረዘመም። በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አክስሉ የሚወርደው ልክ እንደዚያው ስለሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ በምን ላይ ስነዳ እንደ ሰነበትኩ ሳስብ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። በኋላው በኩል ደግሞ በብዙ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኝ፣ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ መሣሪያ አለ፤ ሥራው ጭነቱን መዝኖ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ኃይል መወሰን ነው። መኪናው ከፍ ሲደረግ ይህ መሣሪያ ጭነት የሌለ ስለሚመስለው የኋላውን ፍሬን ያዳክማል። ዘንጉ በልኩ ካልተስተካከለ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና በፊት ፍሬኑ ብቻ ለመቆም ይታገላል። ባሌስትራውን የገጠመልኝ ባለሙያ ስለ ሁለቱም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጎማውም የራሱ ሒሳብ አለው። ከ31 ወደ 33 ኢንች ሲኬድ የጎማው ዙሪያ በ6.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው በእውነቱ ወደ 85 እየሮጠ ነው። በዚሁ ልክ ፍሬኑ መኪናውን ለማቆም ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ማርሽ የከበደው ያህል ያቃስታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ወዲያው ያሳብቃል። ትልቅ ጎማ አይገጠም አላልኩም፤ እኔም አልፈታሁትም። የምለው፣ አዲስ የተጨመረ ነገር ሁሉ ሸክሙን የሚጥለው ቀድሞ ባረጀው ዕቃ ላይ ስለሆነ ያረጀው ቀድሞ መታየት አለበት ነው።

ስለ ፍሬን ዘይት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው እርሱ ነውና። የተለመደው የፍሬን ዘይት ውሃን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ዝቅተኛው መጠን 140 ዲግሪ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መለወጥ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ዘይቱ ሲለወጥ ቱቦው ውስጥ የገባው አየር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ነው። እኔ ከጎማው ሥር ሆኜ «ያዢ» ስል ልጄ ፔዳሉን ትረግጣለች፤ «ልቀቂ» ስል ትለቃለች። አንድ ቀን ቀድማ ለቀቀችና አየሩ ተመልሶ ገባ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን ከእኔ ይልቅ እርሷ ናት የምታዝዘው።

የኋላ ፍሬን ታምቡር ሲፈታ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአሮጌ መኪኖች የፍሬን ሸራ ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር ማራገፍ አይገባም፤ በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ከፍሬን ቀጥሎ የፊቱን ጎማ የሚያዞረው፣ ጉልበት የሚባለው መጋጠሚያ ይመጣል። እንደ እኔ ባለው መኪና ላይ ከጎማው በስተጀርባ የሚታየው ክብ ብረት በግራሶ የተሞላ ነው። በአክስሉ ውስጥ ያለው የዘይት መከላከያ ቀለበት ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ (በአክስሉ መሐል ሆኖ ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ዘይት ወደዚያ ይገባና ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ ከዚያም እየተንጠባጠበ ጎማውንና ፍሬኑን ያበላሻል። ምልክቱ ክቡ ብረት በቀጭን ዘይት መርጠቡና የዲፈረንሻሉ ዘይት መጉደሉ ነው። ሥራው ቆሻሻ ነው፤ ቅዳሜንም እሑድንም ይበላል፤ ሲያልቅም በፎቶግራፍ የሚታይ ምንም ነገር የለውም። ምናልባት በዓምዳችሁ ላይ ያልወጣው በዚህ ምክንያት ይሆናል። ዘይት ሲገዛም ለዲፈረንሻል የሚሆነው ሁሉ ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) እንደማይሆን ማወቅ ይጠቅማል፤ ጂኤል 5 የሚል ደረጃ ያላቸው አንዳንድ ዘይቶች በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ቀለበቶች ሊበሉ ስለሚችሉ የመኪናው መመሪያ ያዘዘውን መከተል ይገባል።

ስለ ማቀዝቀዣው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የማቀዝቀዣውን ውሃ ዝውውር በሙቀቱ ልክ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ መጣል እንደ ብልሃት የሚቆጠርበት ልማድ አለ። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር ግን ሊደርስበት የሚገባው ሙቀት ላይ ቶሎ ስለማይደርስ ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ ናፍጣም ይጨርሳል፤ የመጋሉ እውነተኛ ምክንያትም ተሸፍኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ክዳን ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን ውሃ የሚፈላበትን መጠን ከ100 ወደ 118 ዲግሪ ገደማ ስለሚያደርሰው ክዳኑ ሲላላ ደህና ራዲያተርም ይፈላል።

ስለ ጣሪያ መብራቶቹ ደግሞ፦ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 55 ዋት መብራት 4.6 አምፔር ያህል ይስባል፤ አራት ሲሆኑ ከ18 አምፔር ያልፋሉ። ይህን ጭነት በአሮጌው ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው። ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ጭነት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ይገጠም፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ሥር ግን እርማት የሚያስፈልገው ቃል አለ። ወደ ላይ የወጣው የአየር ቱቦ መኪናው «በውሃ ውስጥ እስከ ኮፈኑ ድረስ ያለ ስጋት እንዲሻገር ያስችላል» ተብሏል። ቱቦው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ በአየር ምትክ ውሃ እንዳይስብ ይከላከላል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ውሃ አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላ (ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ) ያጣምማል። ነገር ግን በመንዳት የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ከውሃው በታች ከሆነ ውሃውን በዘይት መከላከያው በኩል ወደ ውስጥ ይመጠዋል። መተንፈሻዎቹን በቀጭን ቱቦ እስከ ኮፈኑ ሥር ማሳደግ ቀላል ሥራ ሲሆን ከአየር ቱቦው በፊት መሠራት ያለበት እርሱ ነው። የራዲያተሩ ማራገቢያም ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሲዞር ክንፎቹ ወደ ፊት ታጥፈው ራዲያተሩን ሊቀድዱት ይችላሉ። ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል።

በሰው ሕይወት ላይ የሚመጣውን ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም፤ ከአንዲት ትንሽ የተበላሸች ቀለበት ዘይት ሲያመልጥ የሁለት ቶን መኪና ይወርዳል። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ የሚቀሩት ጎማዎች ይታገዱ፤ ሻንሲው በብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ፤ ከመግባት በፊትም መኪናው በእጅ ተገፍቶ ይፈተን። ብሎኬትና ድንጋይ መደገፊያ አይደሉም፤ ሳያስጠነቅቁ ይሰነጠቃሉ። ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ዳዶዎቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በፊት እንደገና ይጥበቁ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙት፣ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፉት ቡሎኖች ግን አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ቢተኩ ይመረጣል።

አንዳንድ ባለሙያዎች ይህ ሁሉ ለጋራዥ እንጂ ለባለቤቱ አይደለም ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ። የሻንሲ ብየዳ፣ የመሪ ዘንጎችና የናፍጣ ፖምፓ የእኔ ሥራ አይደሉም፤ አልነካቸውም። ስቱኮ የተለሰነበት ዝገት በተለይ ያስፈራኛል፤ ከላይ ቀለም የተቀባ ሻንሲ በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ድምፁ ከደነዘዘ ከሥሩ ብረት አልቀረም ማለት ሊሆን ይችላል። የአሮጌዎቹ ላንድ ሮቨሮች አካል ከአሉሚኒየም ስለተሠራ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከሥሩ ያለው የብረት ሻንሲ ሊበሰብስ እንደሚችልም ማንም ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ይሁን እንጂ መኪናውን በየሳምንቱ በዓይኑ የሚያይ ባለቤት የተወጠረውን ቱቦና የረጠበውን ክብ ብረት ከማንም ቀድሞ ያገኛል፤ ጋራዥ የሚያየው የተነገረውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ አየር ቱቦው የተጻፈው በሚቀጥለው እትም ይታረምልን። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት የአንድን መኪና ፎቶግራፍ ስታወጡ ባለቤቱን የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ ጠይቁልንና መልሱን ከፎቶግራፉ ሥር አትሙልን። የእኔን ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የኋላው ግራ ጎማ ተፈትቶ አዲስ የፍሬን ጎሚኒ እየጠበቀ ሳለ ነው፤ የጣሪያ መብራቶቹም ከሦስት ዓመት ጀምሮ በካርቶናቸው ውስጥ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ