አርማታ ከመሞላቱ በፊት እዩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሜክሲኮ አካባቢ የምኖርበት ሕንፃ ተወዛወዘ። ቤቴ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ የቁም ሳጥኑ በር ተንኳኳ። ቀጥሎ ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ባለቤቴ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች በጨለማ ነጠላዋን ትፈልጋለች። ደረጃው ላይ ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። ልጅ ያቀፈ አለ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ አለ፣ በባዶ እግሩ የወረደ አለ። ግቢው ውስጥ ብርድ ላይ ቆምን።

በግንባታ ላይ ለ28 ዓመት ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ያውቃሉ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት እናት ሕፃኗን እንዳቀፈች መጥታ «ጋሼ፣ ይሄ ሕንፃ ይችለዋል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በስልኬ መብራት የምድር ቤቱን ኮለኖች፣ ማለትም ምሰሶዎች፣ አንድ በአንድ ዞሬ አየሁ። ልስኑ ደህና ነው፣ ቀለሙም ደህና ነው። ግን የኮለን ጤንነት በልስን አይታወቅም። መልስ መስጠት የሚችለው አርማታው ሳይሞላ በፊት ውስጡን ያየ ሰው ነው። ያን ሰው እኔም ጎረቤቶቼም አናውቀውም። መኖሩንም አናውቅም።

ያ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ከራሴ አልወጣም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

2017 ዓ.ም. በመንቀጥቀጥ ገብቶ በመንቀጥቀጥ የወጣ ዓመት ነበር። ገና መስከረም ላይ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ መናጥ ጀመረ። ከሥር የቀለጠ ዐለት መሬቱን እየሰነጠቀ መንገድ ሲፈልግ ነው ብለው ባለሙያዎቹ አስረዱን። ከመተሐራና ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው ተሰደደ። ከአካባቢው ወደ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ ማራቅ እንደሚያስፈልግ መንግሥት አስታወቀ። መዲናችን ላይ ፎቅ ቤት የሚኖር ሁሉ እንቅልፍ አጣ። የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ በሬክተር ስኬል 6 ገደማ የሆነው መጣ።

ሌላውም ዓለም አልተረፈም። እኛ የገናን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስናነጋ ቲቤት ተናወጠች፣ 126 ሰው ሞተ። መጋቢት 19 ምያንማር ላይ 7.7 የሆነው ሲነሳ ከ3,000 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ባንኮክ፣ በመገንባት ላይ የነበረ ከ30 ፎቅ በላይ ያለው ሕንፃ በሰከንዶች ውስጥ አቧራ ሆነ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እንደ ሙያተኛ የማልረሳው ግን የወደቀውን ብቻ አይደለም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ደቂቃ፣ ሌሎቹ ረጃጅም ሕንፃዎች ተወዛውዘው፣ ጣሪያቸው ላይ ካለው መዋኛ ገንዳ ውኃው እየፈሰሰ፣ ቆመው ቀሩ። በኋላ በወደቀው ሕንፃ ጉዳይ ተቋራጮችና መሐንዲሶች ተከሰሱ።

ሐምሌ 23፣ በኛ ሌሊት፣ ሩስያ ካምቻትካ 8.8 ሆነ። በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ ከአሥሩ ትልልቆች አንዱ ነው። ሐኪሞች የቀዶ ሕክምና ክፍሉ እየተናጠ ታማሚውን ደግፈው ይዘው ሥራቸውን ሲቀጥሉ አይተን ተደንቀናል። በመንቀጥቀጡ እዚያ ቤት ተደርምሶበት ሞተ የተባለ ሰው አልሰማንም። ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ነሐሴ 25፣ አፍጋኒስታን ኩናር ላይ 6.0 የሆነው መጣና ከ2,000 በላይ ሰው ገደለ። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። የካምቻትካው ጉልበት ከኩናሩ ከ15,000 እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ ካምቻትካ ባሕር ውስጥ ነው፣ ሰውም በብዛት አይኖርበትም። የኩናሩ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ነበር፣ የመጣውም ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ቢሆንም እነዚያን ቤተሰቦች የቀበራቸው የጭቃና የድንጋይ ቤታቸው ነው። ልብ በሉ፣ ፈንታሌ የካቲት ላይ የመጣብን በመጠን ከኩናሩ ብዙ አያንስም።

«የኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም» ሲባል እሰማለሁ። ያውቃል እንጂ። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው አዲስ አበባን በብርቱ ነቅንቋት ነበር። ያኔ ከተማዋ የጎጆ ከተማ ናት። በ1953 በሰሜን ሸዋ በኩል የተነሳው የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋምም ከ60 ዓመት በላይ ሲመዘግብ ኖሯል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ስታፋ የሚባለውን ብዙ አንባቢ አያውቀውም። በኮለን ውስጥ ቋሚ ፌሮዎቹን እንደ መቀነት አቅፎ የሚይዝ ቀጭን ብረት ነው። ኮለኑ ከቢም (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ መታሰር አለበት። ጫፉም ወደ ኮለኑ እምብርት ታጥፎ መግባት አለበት። ሕንፃው ዝም ብሎ ሲቆም ይህ ሁሉ ልዩነት የለውም። መሬት ሲናጥ ግን የላዩ አርማታ ይረግፋል። መንጠቆው ወደ ውስጥ ያልገባ ስታፋ እንደ ላላ ቀበቶ ይፈታል። ቋሚው ፌሮ ጎብጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የላዩን ፎቅ የሚሸከም የለም።

ወደ ውስጥ ማጠፍ ለፌራዮው፣ ማለትም ለብረት አሳሪው፣ ትንሽ ተጨማሪ ድካም ነው፣ ብረቱም እፍኝ አይሞላም። እኔ ራሴ አመሻሽ ላይ፣ ሚክሰሩ እየዞረ፣ ተቆጣጣሪው ሄዶ፣ «በቃ፣ ሙሉት» ብዬ አውቃለሁ። የተዘለለ ስታፋ እያየሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው። እነዚያ ኮለኖች ዛሬም ቆመዋል፣ ሰውም ከላያቸው ይተኛል።

ሕግ የለንም ማለቴ አይደለም። ርዕደ መሬትን ያሰበ የሕንፃ ኮድ በ1987 ዓ.ም. ወጥቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ታድሷል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ከወረቀቱ እስከ ፌራዮው እጅ ባለው መንገድ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ አዲስ ሕንፃ እየበቀለ ነው። ፌሮው ገና በዓይን እየታየ ነው። ከተሞላ በኋላማ ምን ይደረጋል?

የቆሙትም ቢሆኑ ይነካካሉ። የኛው ሕንፃ ምድር ቤት ሁለት ሱቅ አንድ ለማድረግ ብሎ አንዱ ተከራይ የብሎኬት ግድግዳውን አፈረሰ። አጠገቡ ያለውን ኮለንም ለመደርደሪያ ብሎ በመዶሻ ቀርፎት አገኘሁት። ጮኼ አስቆምኩት። ከላይ ስድስት ፎቅ ግድግዳ ሞልቶ ታችኛው ባዶ ሲሆን መወዛወዙ ሁሉ እዚያ ባዶው ፎቅ ላይ ይጠራቀማል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶዎች ተደርድረዋል። አንዱ ሲሞላ አምስት ቶን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የእያንዳንዱ ኮለን ስታፋ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፎቶ ይነሳ። ቀኑና ያየው መሐንዲስ ስም ይጻፍበት። ፎቶው ከቤቱ የይዞታ ካርታ ጋር ይቀመጥ፣ ቤት ገዢና ተከራይ ሲጠይቅ ይታየው። ሁሉም ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ስላለ ወጪ አለው የሚለኝ ሰው አይኖርም። የከተማ አስተዳደሩ ይህን የግንባታ ፈቃድ ግዴታ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን ገዢዎች በራሳችን መጠየቅ እንችላለን። እናንተም ዘጋቢ ልካችሁ ሳይቶቹን አስጎብኙን። መሬቱ ሲናጥ በየሰዓቱ ትዘግቡ ነበር። ጸጥ ሲል ወሬው አብሮ ጠፋ። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አፋር ውስጥ የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳና አመዱ ሕንድ ሲደርስ አንድ ሳምንት ተወራ፣ ከዚያ እንደገና ዝም።

በፊት አብሮኝ የሠራ አንድ ልጅ አለ። ፌራዮነትን ከኔ ነው የተማረው፣ አሁን ለገሀር አካባቢ አንድ ሳይት ላይ የራሱ ቡድን አለው። ይህን ጉዳይ ካወራን ወዲህ ሳይሞላ በፊት እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኛል። ትናንት ማታም አንድ ላከልኝ። የማዕዘን ኮለን ነው። መነጽሬን አድርጌ ስክሪኑን እያሰፋሁ ከታች እስከ ላይ ቆጠርኩት። ጫፍና ጫፉ ላይ ጠበቅ ጠበቅ ብሏል፣ መንጠቆዎቹም ሁሉም ወደ ውስጥ ገብተዋል። «ሙላው» ብዬ መለስኩለት።

አንድ ጡረተኛ ፎርማን
ከሜክሲኮ፣ አዲስ አበባ