ተኝታለች እንዳይሉኝ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሿ የፊት ጥርስ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ትልቁ ቁመቱ ሊደርስብኝ ነው። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፣ አሁን የጭንቀቴን ላውራሽ።

የጭንቅላትሽን ምርመራ ምስል ሌሊቱን ሙሉ ሳየው አደርኩ። ደም ሥሩ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። 7 ሚሊሜትር ነው። አንዩሪዝም ይባላል። አልፈነዳም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳይፈነዳባቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

«አንቺ እያለሽልኝ ሌላ ሰው ለምን ይነካኛል?» አልሽኝ። እማዬ፣ እኔ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ገና እየተማርኩ ነው። ጠዋት ጠዋት ማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጬ፣ 1 ሚሊሜትር የምታህል የዶሮ ክንፍ ደም ሥር ከፀጉር በቀጠነ ክር እሰፋለሁ። ትንፋሼ እንኳ መርፌዋን ያንቀጠቅጣታል። ስጨርስ አስተማሪዬ ባለ ቀለም ውሃ ይለቅባታል፤ ካፈሰሰች ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ትናንት ሦስቴ አፈሰሰችብኝ። ደግሞስ ብጨርስም፣ በልጅነቴ ቅባት የቀባሁትን፣ ሽበቱን የቆጠርኩትን ጭንቅላት እንዴት አድርጌ እከፍታለሁ?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 የጀመረው ነው፤ ራስ ቅል ተከፍቶ የፊኛው አንገት በትንሽ ክሊፕ ይቆነጠጣል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ነው፤ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ አንጎል ይሄድና ፊኛው በፕላቲነም ሽቦ ይሞላል። ላንቺ የቱ እንደሚሻል፣ ወይስ እየተከታተሉ መቆየቱ እንደሚበቃ፣ ሲኒየር ሐኪሞቹ ይወስናሉ። እኔ ውጭ ሆኜ እጠብቃለሁ።

ግን ራስ ምታቱን ሁለት ወር ደበቅሽኝ። እንደ አባዬ ጊዜ። እሱ የወደቀ ቀን «ፈተናዋ እንዳይበላሽ» ብላችሁ ዘጠኝ ቀን አልነገራችሁኝም። ስደውል «ተኝቷል» ትይኝ ነበር። ዛሬ ለጀማሪዎቹ ስለ ስትሮክ ሳስረዳ፣ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ከተዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል ይሞታል እላለሁ፤ ያኔ «ተኝቷል» ያልሽበት ድምፅ ይመጣብኝና ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ አልረሳሁም። ግን እስካሁን ያመኛል።

የግፊት ኪኒንሽን አታቋርጪ። አይተሽው የማታውቂው ራስ ምታት ድንገት ከመታሽ፣ ካስመለሰሽ፣ አንገትሽ አልታጠፍ ካለ፣ ነገ ያልፋል ብለሽ እንዳትተኚ። መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራ። ከዚያ ወዲያው ለኔ ይደወል፣ ኦፕሬሽን ላይ ብሆንም፣ ፈተና ላይ ብሆንም።

ተኝታለች እንዳይሉኝ፣ እማዬ።

ልጅሽ