ተምሮ በግ መጠበቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰሞኑን በዚህ ዓምድ «ዲግሪ ዛሬ የግድግዳ ጌጥ ነው» የሚሉ ደብዳቤዎች በዝተዋል። ተመርቀው ኮብልስቶን የሚጠርቡ፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። አብረውኝ ከተመረቁትም አሉ። ግን የእኔንም ስሙልኝ።

የተመረቅሁት በእንስሳት ሳይንስ ነው። ምርጫዬ አልነበረም፤ ነጥቤ ነው እዚያ ያደረሰኝ። መንዝ ስመደብ እናቴ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ በግ ልትጠብቂ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በግ መጠበቁንማ ልጅ ሆኜም እችልበት ነበር።

መንዝ ደጋ ነው። ውርጭ ገብሱን ሲመታው ዓመቱን የሚያሻግረው በጉ ነው። ታዲያ ገበሬው ለፋሲካ ገበያ የሚያወጣው ቶሎ ያደገውን፣ ደልደል ያለውን ጠቦት ነው። ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ! ቤት የሚቀረው ኮሳሳው ነው፤ የከርሞ ግልገሎች አባትም እሱ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ምርጡ ዘር በየበዓሉ ይታረዳል። ክፍል ውስጥ ደረቅ የነበረው የዘር ውርስ ትምህርት ነፍስ የዘራብኝ ይሄን ሳይ ነው።

የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር በ2001 ዓ.ም. መንዝ ላይ የጀመረው የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ለዚሁ የመጣ ነው። አርሶ አደሮች ተደራጅተው በጎቻቸውን ያስመዘግባሉ። ግልገሉ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ሲወለድ ይመዘናል፣ በ6 ወሩም ይመዘናል። ባለሙያው መዝገቡን አይቶ ደህና ደህናዎቹን ይለያል። የተመረጠው አውራ በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይ ይሸጣል።

የመጨረሻው ቃል ግን የገበሬው ነው። አንዴ አንድ አባት ከዝርዝሬ አናት ላይ ያለውን ጠቦት ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ወረቀትሽን ተይው ልጄ፣ ይሄ ላት የለውም» ብለው ጣሉብኝ። ስለ ክብደቱ፣ ስለ እናቱ ብዙ ተከራከርኩ። አልተቀበሉኝም፤ በሌላ ተስማማን። ሥራዬን የምወደው እንዲህ ባሉ ቀኖች ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሪፖርት በምሞላባቸው ቀኖች አይደለም። ደመወዙንስ? እሱን ባናነሳው ይሻላል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው ሌት ተቀን የሚያጠናው ለመውጫ ፈተና ነው። ይሁን፣ አልቃወምም። ነገር ግን በግ ይዞ የማያውቅ የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ እያየሁ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተግባር ልምምዱን ለመጨረሻው ዓመት ከሚያቆዩት ከ2ኛ ዓመት ቢጀምሩት ምን አለ? ግልገል በሚበዛበት ወቅት ይላኩልን፤ ሚዛን የሚይዝ ሰው ሁሌ ያጥረናል።

የእንስሳት እርባታ ባለሙያ
ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ